ድርሻና ስጦታ

በየዓመቱ ከማስተምራቸው የሥነ ዜጋ ርዕሶች ሁሉ አጭሩ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ነው። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፤ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። ይኸው ነው። ሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ አስረድቼ፣ "ጥያቄ?" ብዬ ስዞር ብዙውን ጊዜ ክፍሉ ዝም ነው። አንድ ዓመት ግን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና፣ "ቲቸር፣ ከተለያዩ ታዲያ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ዳኞችን ደመወዝ የሚከፍላቸው ማን ነው?" አለችኝ።

የሚከፍለው መንግሥት ነው። ይህንኑ ነገርኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አንዱ ከወደ መስኮቱ "ተያዘ!" አለ። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ነገሩን ላስረዳ ሞከርኩ፤ ግን የዚህ ጥያቄ መልስ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ አይደለም። እኔም መልሱን ያገኘሁት በመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን በአያቴ ቤት የውርስ ክርክር ውስጥ ነው። ስለዚህ ሳልቸኩል እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ የሚጀምረው ከንጉሡ ዘመን ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጓታል። ከዚያ በፊት ለዘመናት ይዳኝበት የነበረው ፍትሐ ነገሥትም የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ነው። (ይኸው መጽሐፍ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የግብፅ ክርስቲያን በዓረብኛ ካዘጋጀው ሥራ መሆኑን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አያምኑኝም።) በዚሁ መንግሥት ውስጥ ግን በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 62 የቃዲ ፍርድ ቤቶች በሕግ ታውቀው ነበር፤ ሙስሊሞች በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በውርስና በወቅፍ ጉዳይ በሸሪዓ እንዲዳኙ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ ስለነዚህ ፍርድ ቤቶች አንድም ነገር አላለም፤ እነሱም ሥራቸውን ቀጠሉ።

የራሱ ሃይማኖት ያለው መንግሥት ለሌላው ሃይማኖት ፍርድ ቤት ሲያቋቁም፣ ነገሩ እንደ ስጦታ ነው። ሰጪው ባለቤት ነው፤ ተቀባዩ ያመሰግናል። አያቴ ያሲን ይህን ስሜት በደንብ ያውቁት ነበር። ከሐይቅ ወደ አዲስ አበባ የመጡት በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ተሸክመው እያዞሩ ሸጠው፣ ኋላ ሱቅ ይዘው፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለአራት ክፍል የጭቃ ቤት ሠሩ። ግብር ይከፍላሉ፣ ዕድር አለባቸው፣ ግን በመንግሥት አነጋገር "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች" ከሚባሉት አንዱ ነበሩ። "የሚኖሩ" የምትለዋ ቃል እንግዳ ታደርጋለች። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያ ትልቅ ሰልፍ ሲወጣ አያቴ ሱቃቸውን ዘግተው ወጡ። ከሰልፈኛው ጥያቄ አንዱ "የኢትዮጵያ ሙስሊሞች" መባል ነበር። በዓላችን የአገሩ በዓል ይሁን፣ መሬት ይኑረን፣ በመንግሥት ሥራ እኩል እንሁን የሚል ነበር። ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈዋል። አያቴ ይህን ቀን ሲያወሩ ሁሌ የሚደግሟት ነገር አለች፤ "ምጽዋት አልጠየቅንም" ይላሉ፤ "ድርሻችንን ነው።"

ከአብዮቱ በኋላ የሙስሊሙ በዓላት የሕዝብ በዓላት ሆኑ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሲመጣ ደግሞ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቹ መሠረት ተቀየረ። አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘቱን አይከለክልም፤ ግን አንድ ነገር ያስቀድማል፤ የተከራካሪዎቹን ፈቃድ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188 ይህንኑ በዝርዝር አስቀመጠው። ሦስት ደረጃ ያላቸው ፍርድ ቤቶች ተደራጁ፤ በጀታቸው ከመንግሥት ነው፤ የሚሠሩበት የክርክር ሥነ ሥርዓት የመደበኛው ፍርድ ቤት ነው፤ የሚፈርዱበት ሕግ ግን የእስልምና ሕግ ነው። በሩ ላይ የተጻፈው ቃል አንድ ነው። ፈቃድ።

ይህ ቃል ጥርስ ያወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከድጃ በሽር የተባሉ ሴት በአንድ የውርስ ክርክር ውስጥ ገና ከመጀመሪያው "በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈቀድኩም" ብለው ተቃወሙ። ተቃውሟቸው ታልፎ ተፈረደ፤ ይግባኙም ሰበሩም ያንኑ አጸና። ጉዳዩ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀረበ። ምክር ቤቱም ያለ ፈቃዳቸው የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው ብሎ ሻረው። ለተማሪዋ ጥያቄ የሕጉ መልስ ይህ ነው። መንግሥት ደመወዝ ይክፈል እንጂ፣ ማንንም ጎትቶ ወደ ሃይማኖት ዳኛ አያስገባም። ገብቶ የሚዳኝ ሰው ወዶ ነው የሚገባው።

መልካም። አሁን ወደ አያቴ ቤት ልግባ።

አያቴ ያሲን ያገቡት እማማ የሺን ነው፤ እማማ የሺ ክርስቲያን ነበሩ፣ ክርስቲያን ሆነውም ሞቱ። ሦስት ልጆች ወለዱ። ትልቋ ዘሐራ ናት፤ ከዚያ ሰዒድ፤ ትንሿ እናቴ። እናቴ ሐይቅ፣ እናታቸው ዘንድ ነው ያደገችው፤ አያቷ ክርስትና አስነሷት። ወሎ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ አይገርመውም። እኛ ቤት በዓል ሲደርስ ሁለት ቢላ ይሳላል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ማንም ከማን ድስት እንደሚበላ ያውቃል፤ ቡናው ግን አንድ ነው። ልጅ ሆኜ ይህ ሁሉ ዝግጅት የሚያስፈልገው ሥጋ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አያቴ በ2001 ዓ.ም. በድንገት አረፉ። እማማ የሺ ቀደም ብለው ሞተዋል። ኑዛዜ የለም። አርባቸው ካለፈ በኋላ አጎቴ ሰዒድ የወራሽነት አቤቱታ ለሸሪዓ ፍርድ ቤት አስገባ፤ ለሁለቱ እህቶቹም መጥሪያ ደረሳቸው።

ሒሳቡን ልንገራችሁ፤ ጠቅላላ ነገሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በመደበኛው ሕግ ሦስት ልጆች ካሉ ንብረቱ ከሦስት ይከፈላል፤ ወንድ ሴት፣ ሙስሊም ክርስቲያን አይልም። በእስልምና የውርስ ሕግ ወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ይወስዳል፤ ሃይማኖቷ ከሟቹ የተለየ ልጅ ደግሞ ወራሽ አትሆንም። ስለዚህ በሸሪዓ እናቴ ትወጣለች፤ ሰዒድ ሁለት እጅ፣ ዘሐራ አንድ እጅ ይወስዳሉ። አስተዋላችሁ? ዘሐራ በየትኛውም ፍርድ ቤት ብትሄድ የምታገኘው ሲሶ ነው። ፈቀደችም አልፈቀደችም ለሷ የሚጨመር የሚቀነስ የለም። የሷ ቃል የሚወስነው የእናቴን ሲሶ ነው።

አጎቴን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳትይዙብኝ። ሰዒድ የአባቱን መድኃኒት ሌሊት ተነስቶ የሚሰጥ፣ እኔን ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሻንጣ የገዛልኝ ሰው ነው። የሚያምንበትን ነው ያደረገው። "ሕጉን እኔ አላወጣሁትም" አለ። ደግሞም፣ "ሃይማኖቱ በሩን አልዘጋም ነበር፤ አባባ እስከ ሲሶ ድረስ ሊናዘዙላት ይችሉ ነበር፤ አልተናዘዙም። እኔ ግን ከድርሻዬ በሂባ እሰጣታለሁ፤ እህቴ ናት" አለ። ከልቡ ነው። ሽማግሌ ልኮ ቃሉን አስነገረ። ገንዘቡ ያው ነው፣ ሲሶዋን ሙሉ ሊሰጣት ነው፤ ታዲያ ምን ቀረ?

እናቴ ሽማግሌዎቹን ቡና አፍልታ ሸኘቻቸው። መልሷ አንድ ነበር፤ "ልጁ ነኝ። ከወንድሜ ስጦታ አልፈልግም።" በዚያው አፏ ደግሞ፣ "ወንድሜን ግን ፍርድ ቤት አላቆመውም" አለችና መጥሪያውን ዳዊቷ ውስጥ አስገብታ ዘጋችው። ድርሻዋን ትፈልጋለች፣ ለድርሻዋ ግን አትከራከርም። እንዲህ ያለ ሰው ሕግ ፊት ምን ይሆናል? ጎረቤታችን ጠበቃ ነበርና ጠየቅነው። አዋጁን አምጥቶ አሳየን። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል፤ ጉዳዩም በሌለበት ይታያል። አንዴ ከተፈቀደ ደግሞ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት መመለስ የለም። እናቴ ወንድሟን አክብራ ዝም ስትል፣ ሕጉ ዝምታዋን "እሺ" ብሎ ያነበዋል።

ስለዚህ ሁሉም ነገር ዘሐራ ላይ ወደቀ።

አክስቴ ዘሐራ አምስት ወቅት ሶላት የማታሳልፍ፣ ሰኞና ሐሙስ የምትጾም ሴት ናት። ከዓመታት በፊት ከመጀመሪያ ባሏ ስትለያይ ወዳ ፈቅዳ የሄደችው እዚያው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ነበር። ቃዲው በሚገባት ቋንቋ አናገሯት፣ የልጆቿን ቀለብ ቶሎ አስወሰነች፤ እስከ ዛሬ ታመሰግናለች። "እዚያ ስገባ እንደ ሰው ነው ያዩኝ" ትላለች። በሃይማኖት ፍርድ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ ተገፍቶ የገባ የሚመስላቸው ሰዎች ሲያወሩ ስሰማ እሷን አስባለሁ። የዘሐራ የያኔው "እሺ" እውነተኛ እሺ ነበር።

በቀጠሮው ቀን አብሬያት ሄድኩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ሳምንታት ቤቷ ሰው አልጠፋበትም። የሰፈር ሴቶች መጡ፣ ዘመድ ከደሴ ደወለ፣ አንድ የተከበሩ ሸህ መጥተው በጨዋ አነጋገር ስለ አላህ ሕግ መከሩ። ማንም አላስፈራራትም። ሁሉም "መቼም አንቺ እንቢ አትይም" እያለ ነው የሚወጣው። ችሎቱ ትንሽ ክፍል ነበር። ቃዲው ቀና ብለው፣ "እመቤቴ፣ ጉዳዩ በዚህ ፍርድ ቤት እንዲታይ ፈቃድዎ ነው?" አሏት። ሰዒድ ከጎኗ ቆሟል። "አይደለም" አለች። እንደገና ጠየቋት፤ በትክክል መስማታቸውን ለማረጋገጥ ነው። "አልፈቅድም።" ጻፉት። ጉዳዩ ሥልጣን ወዳለው መደበኛ ፍርድ ቤት እንዲሄድ አዘዙ። ቃዲው የሠሩት ሕጉ የሚለውን ነው፣ በአክብሮት ነው የሠሩት። ሁሉም ነገር አንድ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ አልፈጀም።

ከዚያ የመጣው ግን ረጅም ነው። ሰዒድ ስድስት ዓመት አላናገራትም። የልጇ ኒካህ ላይ አልመጣም። መውሊድ ሲሆን ይጠሯት የነበሩ ሴቶች መጥራት ተዉ። "የአላህን ሕግ ገፋች" የሚል ወሬ ከሰፈር ሰፈር ዞረ። ሕጉ "አልፈቅድም" የማለት መብት ሰጥቷታል፤ የምትመለስበት ሰፈር ግን ያው ሰፈር ነው። ለምን እንዳልፈቀደች ብዙ ጊዜ ቆይቼ ጠየቅኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና ሳትል፣ "አባቴ ሦስት ልጅ ነው ያለው። ሁለት ነው ብዬ አልፈርምም" አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

*

ከዚያ ወዲህ በሌላ አገር እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲነሳ ዝም ብዬ አላልፍም። ከሁሉ ያሰረኝ የግሪኩ ነው።

በግሪክ ሰሜን ምሥራቅ ጠርዝ፣ ትሬስ በሚባለው ክፍለ አገር፣ ከኦቶማን ዘመን የቀረ የሙስሊም ማኅበረሰብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1923 የተፈረመው የሎዛን ስምምነት ለዚህ ማኅበረሰብ ጥበቃ ይሰጣል፤ የግሪክ ፍርድ ቤቶችም በዚያ ላይ ተመሥርተው የጋብቻና የውርስ ጉዳያቸው በሙፍቲ፣ በሸሪዓ ይታይ ሲሉ ኖረዋል። ኮሞቲኒ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ሰው ሞተ። አያቴ ያላደረጉትን እሱ አድርጓል፤ በግሪክ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ውል አዋዋይ ፊት ቀርቦ ንብረቱን በሙሉ ለሚስቱ ተናዟል። ሁለት እህቶቹ ግን፣ ወንድማችን ሙስሊም ስለነበር ውርሱ የሚታየው በሸሪዓ ነው፣ ኑዛዜው አይጸናም ብለው ከሰሱ። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ለሚስቲቱ ፈረዱ። ሰበር ሰሚው ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ለእህቶቹ ፈረደ። ሴትዮዋ ከተናዘዘላት ሦስት አራተኛውን አጣች። ማንም "ፈቅደሻል?" ብሎ አልጠየቃትም። ሟቹም በፊርማው የተናገረው አልተሰማም። ለአናሳው ጥበቃ ተብሎ የተጻፈ ስምምነት፣ የአናሳውን አባል ማንኛውም ግሪካዊ ያለውን መብት ከለከላት።

ሞላ ሳሊ በግሪክ ላይ ያቀረበችው አቤቱታ ስትራስቡርግ፣ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደረሰ። ታላቁ ችሎት ታኅሣሥ 19 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ግሪክ አድሎ ፈጽማለች ብሎ ፈረደ። አንድ ሰው የአናሳ ሃይማኖት አባል ስለሆነ ብቻ፣ ፈልጎ የመረጠውን የአገሩን መደበኛ ሕግ መከልከል አይቻልም፤ የማንነት ምርጫ የሰውየው የራሱ ነው የሚል ነው የፍርዱ ልብ። ግሪክም ፍርዱ ከመውጣቱ በፊት፣ በዚያው ዓመት ጥር ላይ፣ ሸሪዓው በተከራካሪዎች ፈቃድ ብቻ እንዲሆን ሕጓን አሻሽላ ነበር። ኢትዮጵያ በ1987 የጻፈችውን "ፈቃድ" የምትል ቃል የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆነች አገር የጻፈችው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታ ነው። ይህን ለክፍል ስነግር ልጆቹ ትንሽ ደረታቸውን ይነፋሉ። እኔም አልከለክላቸውም።

እስራኤል ደግሞ ፈቃድ የሚባለው ነገር በጋብቻ ላይ ከነጭራሹ የለም። የኦቶማኖች ሥርዓት እዚያም ቀርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው ሕግ የአይሁድ ጋብቻና ፍቺ የረቢዎች ፍርድ ቤት ሥልጣን ነው፣ ሌላውም ሃይማኖት በየራሱ። በአገሩ ውስጥ የማዘጋጃ ቤት ጋብቻ የለም፤ የሃይማኖቱን በር ያላገኙ ጥንዶች ቆጵሮስ ሄደው ተጋብተው ይመለሳሉ፣ መንግሥትም ይመዘግባቸዋል። ይህን ከሁሉ በላይ የቀመሱት የኛው ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985፣ በሱዳን በረሃ አልፈው ገና የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ለማግባት ሲሄዱ፣ አይሁድነታችሁ ላይ ያለውን ጥርጣሬ ለማጥራት በውኃ ጥምቀት እለፉ ተባሉ። ለዘመናት ሲያጋቡ የኖሩት ቄሶቻቸው ለጋብቻ ሥልጣን የላቸውም ተባለ። በመንገድ ላይ ልጆቻቸውን ቀብረው የመጡ ሰዎች ናቸው ይህ የተባሉት። ኢየሩሳሌም ላይ በዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ኋላ የናታኒያ ከተማ ዋና ረቢ ያለዚያ ሥርዓት አጋባለሁ ብለው በራቸውን ከፈቱ፤ ጥንዶችም ወደ እሳቸው ይጎርፉ ጀመር። ግን እዩት፤ ያም ቢሆን የአንድ ደግ ሰው በር ነው። ረቢው ሐሳባቸውን ቢለውጡ ጥንዶቹ የሚጠይቁት መብት አልነበረም።

ሕንድ ውስጥ ደግሞ ነገሩ በሌላ በኩል ይመጣል። ሻህ ባኖ የተባሉ የስድሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ የአምስት ልጆች እናት፣ ጠበቃ ባላቸው ከቤት አስወጥቶ ፈታቸው። ቀለብ ጠየቁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1985 ለማንኛውም ዜጋ በሚሠራው ሕግ መሠረት በወር 179 ሩፒ ከ20 እንዲከፈላቸው አጸና። አገሩ ተናወጠ። የሃይማኖት መሪዎች፣ ፖለቲከኞች፣ ሰልፎች። በመጨረሻ ሴትዮዋ ራሳቸው በአደባባይ ደብዳቤ ፍርዱን አልፈልግም አሉ፤ ከሃይማኖቴ ጋር ይጋጫል ብለው። በዓመቱ ፓርላማው የፍርዱን ውጤት የሚያጠብ ሕግ አወጣ። ያ ደብዳቤ ፈቃድ ነበር? ጣታቸው ነክቶታል፤ ልባቸውን የሚያውቅ አላህ ነው። እኔ ግን ያን ደብዳቤ ሳስብ የዘሐራን ሦስት ሳምንታት አስታውሳለሁ፤ "መቼም አንቺ እንቢ አትይም" እያሉ የሚገቡ የሚወጡትን።

*

አጎቴ ሰዒድ አንድ ቀን የተናገረኝን ሳልጠቅስ ብጨርስ አግባብ አይደለም። "አንተ መደበኛ የምትለው ሕግ የማን ነው?" አለኝ። "ረኔ ዳቪድ የሚባል ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ነው ያረቀቀው። ለአባቴ የሚቀርበው የፓሪሱ ፕሮፌሰር ነው ወይስ የሚሰግድበት ቁርአን?" ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ማን እንዳረቀቀው እውነቱን ነው። መደበኛ የሚባል ሕግ ከሰማይ አልወረደም፤ እሱም የአንድ ዘመን የአንድ መንግሥት ምርጫ ነው። አያቴም ቢጠየቁ ሸሪዓን ይመርጡ ይሆናል።

የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። የአያቴ ሃይማኖት የአያቴ ነው፤ ተናዘው ቢሆን ኑሮ፣ እስከ ፈቀደላቸው ድረስ፣ ቃላቸው ይከበር። የእናቴ ልጅነት ግን ከሃይማኖታቸው የሚመነጭ አይደለም፤ ሌላ ሰው በሷ ፈንታ ሊፈቅድበትም አይችልም። ሂባው መልካም ነገር ነው። ግን ስጦታ የሰጪው ነው፤ ዛሬ ሰጥቶ ነገ ቅር ሊለው ይችላል፣ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ አመስጋኝ ሆና ትኖራለች። ሚያዝያ 12 ቀን አባባ ሱቃቸውን ዘግተው የወጡት እኮ ይህንኑ እንቢ ብለው ነው። በዓላቸውን በንጉሡ ቸርነት ሊያከብሩ ይችሉ ነበር። ድርሻ ነው የጠየቁት። ሰዒድ ዝም አለ። አልተስማማም፤ ግን አልተቆጣም።

ለተማሪዋ ዛሬ ብመልስላት እንዲህ እላት ነበር። መንግሥት ለቃዲው ደመወዝ መክፈሉ እኔን ብዙ አያሳስበኝም። ያ ደመወዝ የተከፈለው ለአክስቴ ቀለብ ያስወሰነላትን፣ ኋላም "አልፈቅድም" ስትለው በአክብሮት የጻፈላትን ችሎት ነው። የሚያሳስበኝ "ፈቃድ" የምትለዋ ቃል ብቻዋን መቆሟ ነው። ዝምታ ፈቃድ ተብሎ መቆጠሩ መቅረት አለበት፤ መጥሪያውን ዳዊቷ ውስጥ የዘጋች ሴት ምንም አልተናገረችም። ጥያቄው ሲጠየቅ ወንድም ከጎን መቆም የለበትም፤ ሰው ለብቻው ገብቶ፣ በየትኛው ፍርድ ቤት ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ በሒሳብ ተነግሮት ይመልስ። አንዴ የፈቀደ ሰው ክርክሩ ገና ሳይጀመር ሐሳቡን ቢለውጥ መንገዱ ይከፈትለት። እነዚህ ሁሉ በአዋጅ ማሻሻያ የሚሠሩ ነገሮች ናቸው፤ የማንንም ሃይማኖት አይነኩም። ከችሎት ወጥታ ወደ ሰፈሯ የምትመለሰውን ሴት የሚጠብቅ አዋጅ ግን እስካሁን አላየሁም። እሱ የኛ የዘመዶቿና የጎረቤቶቿ ሥራ ነው። እኛ ቤት ስድስት ዓመት የፈጀውም እሱ ነው።

ቤቱ አልተሸጠም። ሦስቱ ወራሾች በፍርድ ቤት ማረጋገጫ ተመዝግበው፣ ሁለቱ ክፍል ለልብስ ሰፊ፣ ሁለቱ ለተከራይ ቤተሰብ ተከራይቷል። ኪራዩን የሚሰበስበው ሰዒድ ነው። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ለሁለቱ እህቶቹ እኩል እኩል በስልክ ይልክላቸዋል፤ ሁለት ወር እንኳ አሳልፎ አያውቅም። ባለፈው ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ግን ወጪውን ከሦስት ከፍሎ፣ የቆርቆሮውን ደረሰኝ ይዞ ዘሐራ ቤት በእግሩ ሄደ። እናቴም እዚያ ነበረች። ደረሰኙን ተቀብለው ሒሳቡን አንድ በአንድ አረጋገጡ፣ ቡና ተፈላ፣ እናቴ "ሚስማሩ ተወዷል" አለች፣ እሱም ራሱ ሄዶ እንደገዛው ማለላት።